የማገዶ ደብተር

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ወር፣ ነዳጅ የጫነው መርከብ ዘገየ ተብሎ አዋሳ ውስጥ መኪና ያላቸው ሳይቀሩ ፒያሳ ላይ ቆመው ጋሪ በሚጠብቁበት፣ ነጭ ጋዝ በሕብረት ሱቅ ሰልፍ ግማሽ ጠርሙስ ብቻ በሚደርስበት ሰሞን፣ አንድ የውጭ አገር ሰው የታቢታን ማገዶ ሊመዝን መጣ።

ወሬውን አስቀድማ ያመጣችው ጎረቤቷ ወርቄ ናት። ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ስሚ እንጂ፣ እንጨትሽን ሊመዝኑልሽ ነው አሉ። እሱን ሲጨርሱ ጭሱን ይቀጥላሉ» አለች።

«ጭሱንስ ይዘውልኝ በሄዱ» አለች ታቢታ። ሁለቱም ሳቁ።

ታቢታ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያላት አንድ ልጅ ሙሴ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ፈላጊ። እሷ ሥራዋ ቤት ውስጥ ስለሆነ ምድጃዋ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ክብሪት ደግሞ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ገል ይዞ በሯ ላይ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። እሳቱን ጭሮ፣ መርቆ ይሄዳል። አንዳንዱም ጭሮ አይሄድም፤ እዚያው ጥዶ፣ አብስሎ፣ ድስቱን አንጠልጥሎ ይመለሳል። እንጨት የተረፈው ሁለት ፍልጥ ጥሎ ይሄዳል፣ ያልተረፈውም ዝም ብሎ ይሄዳል። ማን ስንት አነደደ ብሎ መቁጠር በዚያ ሰፈር ነውር ነበር። ከእሳት ላይ የሚቆጥር ሰው ከልጁ አፍ ላይም ይቆጥራል ይባል ነበርና፣ ታቢታ እንኳን ልትቆጥር ፊቷን ወደ እንዝርቷ አዙራ ትቀመጥ ነበር።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ ለቆጠራው የተመረጠችው። የመረጧት በሌላ ምክንያት አይደለም፤ መሠረተ ትምህርት ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ስለሰቀለች ነው። ዱሮ ጸሎት ቤታቸው በነበረው፣ አሁን የቀበሌ አዳራሽ በሆነው ክፍል ውስጥ፣ በፊት ስትዘምርበት በነበረው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች። የሚያስቸግራት መቀነስ ነበር። ከአሥር ቤት መበደር የሚባለው ነገር ለብዙ ሳምንት አልገባት ብሎ፣ አልጋዋ ላይ ሆና በጣቷ ትሠራው ነበር። ሲገባት ግን ገባት። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ካልወጣላት እህል አይወርድላትም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ ነው። ከአብዮቱ በፊት ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ለስላሳ ድምፅና ትንሽ ጎንበስ ማለት እስከ አሁን አልለቀቀውም። ሰውን የሚያስፈራው ደግሞ ይኸው ነበር። ሲያስር እንኳ ምን ልታዘዝ የሚል ይመስላል።

«ታቢታ» አላት፣ ቢሮው አስጠርቶ። «የሦስት አገር ባለሙያዎች ተስማምተው የሃያ አምስት ዓመት የኃይል ጥናት ይሠራሉ። ከከተማው አሥር ቤት ተመርጧል። ከእኛ ቀበሌ አንቺን መርጬሻለሁ። ደብተሩን በየቀኑ ትሞያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ከእኔ ወደ እነሱ ይሄዳል።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የሙሴስ ነገር እንዴት ነው? ደኅና ነው?»

የብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛ ዙር ምልመላ እንደቀረበ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቀበሌው ሠላሳ ወጣት እንዲያዋጣ ታዟል፤ የመጀመሪያው ዙር ልጆች የት እንደደረሱ አይታወቅም፤ ከሁለቱ በቀር ደብዳቤ የጻፈ የለም።

«ደኅና ነው ጓድ» አለች።

በኃይሉ መሳቢያውን ሳብ አድርጎ አንድ ወረቀት አሳያት። ስሞች ናቸው፤ ሃያ ዘጠኙ በቀለም፣ አንዱ በእርሳስ። በእርሳስ የተጻፈውን አነበበችው። ማንበብ መቻሏን ያን ቀን ጠላችው።

«እርሳስ ይጠፋል» አላት በኃይሉ። «ሥራሽን ካሳመርሽልኝ የመጨረሻው ቀን በእጄ አጠፋዋለሁ። የወረቀት ማረጋገጫም እሰጥሻለሁ።»

በማግስቱ ይልማ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ባለሙያና አንድ ረዥም ነጭ ኢንጂነር ቤቷ መጡ። የኢንጂነሩ ስም ያኖሽ ነው። አንገቱን ሰብሮ ማድቤቷ ገብቶ ዓይኑ እንባ በእንባ እስኪሆን ቆየ፤ ምድጃዋን በሜትር ለካ፣ እንጨቷን አንድ በአንድ እያነሳ አሸተተ። ወርቄ ከአጥር ወዲያ፣ «ይልሰዋል ገና» አለች።

ይልማ የተንጠልጣይ ሚዛኑን አጠቃቀም አሳያት። «ጠዋት እንጨቱን አስረው ይመዝናሉ። ማታ የተረፈውን ይመዝናሉ። ከጠዋቱ የማታውን ይቀንሳሉ። የተቀነሰው ነው የነደደው። ምንም ነገር አይቀይሩ እናቴ፤ እንደ ሁልጊዜው ነው መኖር።»

«ይህ ለምን ይጠቅማችኋል?» አለችው።

ይልማ ማብራራት የሚወድ ሰው ነበር። ነዳጅ ከውጭ እንደሚመጣ፣ መርከቡ በቀረ ቁጥር አገር እንደሚታመም፣ ሰው ሁሉ ወደ ዛፍ እንደሚዞር ነገራት። «እስከ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ያለውን በሦስት መንገድ እናስባለን። አንደኛው፣ ሁሉም እንዳለ ቢቀጥል። ሁለተኛው፣ ነዳጅ ጭራሽ ቢቋረጥ። ሦስተኛው፣ አገሮች ተረዳድተው መብራቱም ዛፉም በጊዜው ቢደርስ። ለሦስቱም መነሻው የእርስዎ ደብተር ነው።» ኢንጂነሩ ጣልቃ ገብቶ አንድ ነገር አለ። ይልማ ተረጎመ፤ «በሁለት ሺህ ሁለት በምን ሲያበስሉ ራስዎን ያያሉ ብሎ ይጠይቅዎታል።»

ታቢታ ከሚመጣው ወር አልፋ ያሰበችው ነገር የለም። በጣቷ ቆጠረች፤ ሙሴ ያኔ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሙሴን ሆዱ ገፋ ብሎ፣ ግንባሩ ገለጥ ብሎ፣ በር ላይ ቆሞ ምሳ ሲጠይቃት አየችው።

«በምንም ቢሆን» አለች። «የምሠራለት ሰው ይኑር እንጂ።»

ይልማ ይህንን አልተረጎመውም።

ደብተሩን በጥንቃቄ ያዘች። ጠዋት መዘነች፣ ማታ መዘነች፣ ተበድራ ቀነሰች። የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ በቀን አሥራ አራት ኪሎ ወጣ። ቅዳሜ ደብተሩን ለበኃይሉ ሰጠች፤ ሰኞ አስጠራት።

«የሌሎቹ ቤቶች ለአምስት ነፍስ ስምንት ኪሎ፣ ለስድስት ነፍስ ዘጠኝ ኪሎ ነው» አላት፣ ደብተሩን በጣቱ እየመታ። «አንቺ ለሁለት ነፍስ አሥራ አራት። ምንድን ነው የምትጠብሺው? በሬ ነው?»

«ሰው ይጠቀምበታል ጓድ። እሳት ይጭራሉ።»

«እሳት ቢጫር እንጨት አያልቅም።» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ወደ ላይ ከሄደ የሚባለው አንድ ነገር ነው። አረቄ ታወጣለች፣ ወይም ከሰል ታከስላለች። ሁለቱም ወንጀል ነው። የወንጀለኛ ልጅ ስም በእርሳስ አይጻፍም ታቢታ።»

«አረቄ እንኳን ላወጣ ቀምሼው አላውቅም። እምነቴም አይፈቅድ።»

«እምነትሽን እንዳልሰማሁ ይሁን» አለ በኃይሉ ፈገግ ብሎ። «አሥራ አራቱን አስረጂኝ። በጽሑፍ።»

ያንኑ ቀን ከሰዓት ይልማና ኢንጂነሩ መጡ። እነሱም አሥራ አራቱን አይተውታል፤ ነገር ግን ኢንጂነሩ እንደ ሕፃን ደስ ብሎታል። ገል ይዛ የመጣች አንዲት ሴት እንዳየ ተነስቶ እሳቱ እስከሚገባበት ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ። ሴትየዋ ደንግጣ ገሉን ጣለችው።

«ይህን ማንም አልጻፈውም ይላል» አለ ይልማ። «በየትም አገር ጥናት ላይ አንድ ቤት አንድ ምድጃ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የእናንተ ሰፈር ግን በአንድ ምድጃ አራት ቤት ነው የሚያበስለው። እባክዎ እናቴ፣ ሌላ ዓምድ ያስምሩ። ማን አበሰለ፣ በየትኛው ድስት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ኪሎ። ስም ይጻፉ፤ ያለ ስም ይቀላቀልብዎታል።»

«የሰው እሳት አይቆጠርም» አለች ታቢታ።

«ለጥሩ ነው። ሦስተኛውን መንገድ የሚያድነው ይኼ ሊሆን ይችላል።»

ሲወጡ መስመሩን አሰመረች።

በምድጃዋ የሚያበስሉት ሦስት ናቸው። ብዙአየሁ የሚባሉ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት ውኃ ያሞቃሉ፤ ሁለት ኪሎ። ወርቄ ለሽያጭ ቡላ ታበስላለች፤ ሁለት ኪሎ። ሦስተኛዋ ፈትያ ናት።

ፈትያ ከመንገዱ ዳር አንድ ክፍል ሱቅ ያላት፣ ጨውና ክር የምትሸጥ የሥልጤ ሴት ናት። ማድቤት የላትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በታቢታ ምድጃ አብስላለች። የራሷን ድስት ይዛ ትመጣለች፤ ታቢታም የራሷን ክዳን በፈትያ ድስት ላይ ገጥማ አታውቅም። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም፤ እንዲሁ ተግባብተውበታል። ልጇ ሙህዲን ከሙሴ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ከስድስት ወር በፊት ሻሸመኔ አጎቱ ዘንድ ሄደ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፈትያ ብቻዋን ናት።

ብቻዋን ሆና ግን ድስቷ አላነሰም። ታቢታ ይህን አይታለች። ጠዋት ትልቁ ድስት፣ ማታም ትልቁ ድስት። አንድ ቀን ክር ልትገዛ ሱቅ ገብታ፣ ከቆጡ ላይ የታፈነ ሳል ሰምታለች። ፈትያ ያኔ ሚዛኑን ጣል አድርጋ፣ «አይጥ ፈጀኝ» አለች። «አይጥ ክፉ ነው» አለች ታቢታ፣ ክሯን ይዛ ወጣች። ያን ያህል ነበር። የምታውቀውን ለራሷም አልነገረችውም።

ማክሰኞ ማታ ደብተሩን ፊቷ አድርጋ ተቀመጠች። የራሷ አምስት። ብዙአየሁ ሁለት። ወርቄ ሁለት። ዘጠኝ። ከአሥራ አራት ዘጠኝ ሲቀነስ አምስት ይቀራል። ፈትያ ብላ ጻፈችና እርሳሷን አነሳች።

አምስቱን ልትከፋፍለው አሰበች። ለብዙአየሁ አንድ፣ ለወርቄ አንድ፣ ለራሷ አንድ ብትጨምር ለፈትያ ሁለት ይቀርላታል፤ ሁለት ደግሞ የአንዲት ሴት ነው። ግን በኃይሉ አንዱን ቀን መጥቶ ቆሞ ቢያስመዝናትስ? አሮጊቷ በሦስት ኪሎ እንጨት ምን ያህል ውኃ ታሞቃለች ቢልስ? ሒሳቡ ሳይወጣ ቀርቶ አረቄ ነው ቢልስ? ሙሴ ከጎኗ መደብ ላይ ተኝቶ ያነብባል። እግሩ ከመደቡ አልፎ ተንጠልጥሏል፤ የካልሲው ተረከዝ ተቀዷል። እግሩን አየችው።

እንጨት ነው፣ አለች ለራሷ። የጻፍኩት እንጨት ነው። ሰው አልጻፍኩም።

ፈትያ፣ ትልቅ ድስት፣ ጠዋትና ማታ፣ 5 ኪሎ። ደምራ ስታየው አሥራ አራት ሞላ። ሒሳቡ ወጥቶላት ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አላት ሙሴ።

«ማገዶ ነው። አንተ አንብብ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው ጻፈች። ፈትያ ጥዳ እያማሰለች፣ «ምን ትጽፊያለሽ ጠዋትና ማታ? ልታገቢ ነው እንዴ?» ስትላት፣ «ማን ያገባኛል፤ ፈረንጁ እንጨቴን እንጂ እኔን አላየ» ብላ አሳቀቻት። እሷ ግን ደብተሩን ወደ ራሷ አስጠጋች።

ቅዳሜ ደብተሩ ወደ በኃይሉ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ራሱ መጣ። መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ፈትሉን አደነቀ፣ ውኃ ጠጣ።

«ፈትያ ስንት ነፍስ ናት?» አላት፣ ጣሳውን እየመለሰላት።

ታቢታ ጣሳውን ተቀበለች። ሻሸመኔ የሄደ ልጅ አላት ልትል፣ ዘመድ መጥቶባታል ልትል፣ ለሰው ትሸጣለች ልትል ትችል ነበር። ሦስቱም አፏ ውስጥ ነበሩ።

«ብቻዋን ናት» አለች።

«አምስት ኪሎ» አለ በኃይሉ። «ጎበዝ በላተኛ ናት።» ተነሳና ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ጽሑፍሽ ጥርት ያለ ነው» አላት።

ሐሙስ ገበያ ነበር፤ ፈትያ ለገበያው ሱቋን በማለዳ ስለከፈተች ያን ጠዋት ልታበስል አልመጣችም። እኩለ ቀን ላይ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች የፈትያን ሱቅ ገቡና መሰላል አስመጡ። ሕዝቡ ከገበያ ሲመለስ መንገዱን ሞልቶ ቆመ። ሙህዲንን ከቆጥ ላይ በእግሩ ጎትተው አወረዱት። ስድስት ወር ፀሐይ ያላየ ፊቱ እንደ ሊጥ ሆኖ ነበር፤ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት በእጁ ሸፈነው። ሲያቆሙት እግሩ አልጸናለትም።

«ቀጥ በል፤ አይጥ እንኳ በእግሩ ይሄዳል» አለ አንደኛው ጠባቂ። ሌላው የጨው ጆንያውን በርግጫ መታ፤ ጨው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ፈትያ ነጠላዋን አውልቃ የልጇ ራስ ላይ ጣለችለት፣ ፀሐዩ እንዳያመው። ጠባቂው ነጠላውን አንስቶ ጨው ላይ ወረወረው።

ሙሴ ከሰው መሐል ቆሞ ያያል። ሙህዲን በጣቶቹ መሐል አየውና፣ «ቁመትህ ጨመረ» አለው። ከዚያ ወሰዱት።

ማታ ፈትያ ትንሿን ድስት ይዛ መጣች። ጥዳ ተቀመጠች፤ የጣደችውን ረሳችው። ታቢታ አማሰለችላት።

«ማን እንደነገራቸው እኮ አላውቅም» አለች ፈትያ። «ማንንም አስቀይሜ አላውቅም። ጨውም ሳበድር አላስመለስኩም። ማነው? አንቺ ከቤት አትወጪም፤ ሰው ሲያወራ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም» አለች ታቢታ።

«አንቺማ ምን ታውቂያለሽ የኔ እህት። ጥጥሽንና እግዜርሽን ነው የምታውቂው።» ራሷን ታቢታ ትከሻ ላይ ጣለች። ታቢታ አቀፈቻት። ከፈትያ ፀጉር የጨው ሽታ ይመጣ ነበር። ሙሴ ተነስቶ ወጣ።

ፈትያ ከሄደች በኋላ ታቢታ የተረፈውን እንጨት መዘነች። ፈትያ፣ ትንሽ ድስት፣ ማታ ብቻ፣ 2 ኪሎ። ከሐሙስ ጀምሮ የቤቱ ድምር አሥራ አንድ ሆነ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ጥናቱ አለቀ። የመዝጊያው ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ እንዲገኝ ታዘዘ። የቀረ ሰው ስም በራፉ ላይ ይመዘገባል ተብሏልና፣ ብዙአየሁ ሳይቀሩ ተደግፈው መጡ። ፈትያ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣለች። ሙሴ ከኋላ ቆሟል።

ኢንጂነር ያኖሽ በትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አስምሮ ሰቅሏል። አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ይወጣና ይሰበራል፣ ሦስተኛው በቀስታ ይወርዳል። ይልማ እየተረጎመ ገለጸ። እንዳለ ከቀጠለ በዘጠናዎቹ ዓመታት ከሐይቁ ዙሪያ የሚቆረጥ ዛፍ አይኖርም። ነዳጅ ከተቋረጠ ይኸው በአምስት ዓመት ይደርሳል። ሦስተኛው መስመር ግን፣ አገር ለአገር ከተረዳዳ፣ ሰው ለሰውም ከተረዳዳ፣ የሚሆን ነው። «ይህንን ያስተማሩን የአንድ እናት ምድጃና ደብተር ናቸው» አለ።

ጓድ በኃይሉ ተነሳ። «ከአራት ዓመት በፊት ፊደል የማታውቅ እናት ዛሬ ለሃያ አምስት ዓመት ዕቅድ መነሻ ሆናለች። ራሷ ታንብብልን።» እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ከመድረኩ በታች ስትደርስ፣ «ይኸውልሽ» አላት በዝግታ፣ ወረቀቱን ሳይሰጣት። «ካነበብሽ በኋላ።»

ይልማ ደብተሩን ገልጦ ሰጣት። የመረጠላት ሦስተኛውን ሳምንት ነው፤ ድምሩ የወረደበት ገጽ ስለሆነ። «ከዚህ እስከዚህ እናቴ» አላት በደግ ልብ። «ረቡዕንና ሐሙስን ብቻ።»

ታቢታ ገጹን አየች። ቀና ብላ አዳራሹን አየች። የፈትያ ፊት እንደሌላው ሰው ፊት ነው፤ ጓደኛዋ ልታነብ ስለሆነ ትንሽ ፈገግ ብሏል። አንድ መስመር መዝለል ይቻላል። ማን ያውቅብኛል፣ አለች በልቧ። በኃይሉ ግን ከጎኗ ቆሞ ገጹን አብሯት ያያል። አውራ ጣቱ ወረቀቱን እያጠፈ ይዘረጋል።

«ረቡዕ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«ጮክ» አለ በኃይሉ።

«ረቡዕ። የቤት፣ አምስት ኪሎ። ብዙአየሁ፣ የውኃ ጣሳ፣ ሁለት ኪሎ። ወርቄ፣ የቡላ ድስት፣ ሁለት ኪሎ።» ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደች። «ፈትያ፣ ትልቅ ድስት፣ ጠዋትና ማታ፣ አምስት ኪሎ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ።

«ቀጥዪ።»

«ሐሙስ። የቤት፣ አምስት ኪሎ። ብዙአየሁ፣ ሁለት ኪሎ። ወርቄ፣ ሁለት ኪሎ። ፈትያ፣ ትንሽ ድስት፣ ማታ ብቻ፣ ሁለት ኪሎ። ድምር አሥራ አንድ።»

ይልማ ሲተረጉም ቆይቶ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። ሐሙስ ምን ተደርጎ እንደነበር እሱ አያውቅም፤ የሰዉን ፊት ግን አይቷል። ኢንጂነሩ ምንም አላየም። በቁጥሩ መውረድ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀና ማጨብጨብ ጀመረ። በኃይሉ አጨበጨበ። ጠባቂዎቹ ወደ መደዳዎቹ ዞሩ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ወርቄ መሬት መሬቱን እያየች አጨበጨበች። አንድ ጠባቂ ሦስተኛው መደዳ አጠገብ ቆመ። ፈትያ እጆቿን አንስታ አጨበጨበች። ዓይኗን ከታቢታ ላይ አልነቀለችም፤ ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላም እሷ ማጨብጨቧን አላቆመችም፤ ጠባቂው፣ «በቃ» እስኪላት።

ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ፣ በኃይሉ ወረቀቱን ሰጣት። ማኅተም አለበት።

«አንብቢው። ማንበብ ትችያለሽ።»

ቆማ አነበበችው። ወጣት ሙሴ ከሁለተኛው ዙር ምልመላ ለጊዜው የቀረ መሆኑን፣ የቀበሌው ኮታ በሌላ የተሟላ መሆኑን፣ በመጪው መስከረም ለሚደረገው ሦስተኛው ዙር ከሚጠሩት መካከል ቅድሚያ እንዲሰጠው ቀበሌው መወሰኑን ይላል። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው። ምናልባት አንድ ፊደል ስቼ ይሆናል ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አልሳተችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያጠፉልኛል ብለውኝ አልነበር?»

«አጠፋሁት እኮ» አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ሠላሳው ሞላ። ለመስከረም ደግሞ አርባ ተጠይቀናል። እኔ ከየት ላምጣ?» ትንሽ ጎንበስ ብሎ ወደ እንግዶቹ ሄደ።

ሙሴ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አነበበው። ለእሱ አንድ ጊዜ በቃው።

«ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ» አለ። ጣቱን እያጠፈ። «ሐምሌ፣ ነሐሴ። አምስት ወር። ሙህዲን አምስት ወር ገዛልኝ ማለት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ የጻፍኩት እንጨት ነው።»

ሙሴ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ መዳፏ ላይ አኖረላትና ወደ ሐይቁ በኩል መንገድ ጀመረ። ታቢታ ተከተለችው። ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ልብሷ እንዳይነካው ከፈል ከፈል እያለ አሳለፋት።